ማዕረግ ነው፣ ክፍል ነው ወይስ ሙያ? የድሮ ወታደሮችን የጨርቅ ባጅ እንዴት እንለያለን

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ሸራ ዘርግተው የድሮ ዕቃ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። የቆመ ሰዓት፣ የበር ቁልፍ፣ ሹካ፣ የፋኖስ ብርጭቆ፣ ያልተገኘ ነገር የለም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የብስኩት ቆርቆሮ ከፍተው የልብስ ቁልፎች ሲያሳዩኝ ከመሃል አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ወጣች። ካኪ ናት። መዳፍ አትሞላም። ላይዋ ላይ መዶሻና ጉጠት ተመሳቅለው ተጠልፈዋል።

«ይቺስ ምንድን ናት እማማ?»

«የጣሊያን ናት የኔ ልጅ። የመኮንን ናት።»

የጣሊያንም፣ የመኮንንም አልነበረችም። የእንግሊዝ ጦር የሙያ ባጅ ነች። ጠመንጃ ለሚጠግን፣ ብረት ለሚሠራ ተራ ወታደር የምትሰጥ። በእማማ ግን አልፈርድም። ድሬ ውስጥ አርጅቶ የተገኘ ነገር ሁሉ የጣሊያን ነው። አልጋው የጣሊያን፣ መዝጊያው የጣሊያን፣ ጀነሬተሩ የጣሊያን። «የጣሊያን» ማለት እኛ ዘንድ «የድሮና ጠንካራ» ማለት ከሆነ ቆይቷል።

እኔ እነዚህን ቁራጭ ጨርቆች እወዳቸዋለሁ። የጦር አዛዦች ስም በመጽሐፍ ተጽፏል። የፈረስ ኮቴ ብረት የመታው፣ የሬዲዮ መልእክት የተቀበለው፣ መትረየስ ያጸዳው ሰው ግን ስሙ የለም። ብዙ ጊዜ የቀረለት ምስክር ክንዱ ላይ የነበረችው ጥልፍ ብቻ ናት። ስለዚህ በስህተት ስም ስንጠራት በጣም ይቆጨኛል።

እዚህ አካባቢ ይህን ያህል ለምን ይገኛል ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ሲሆን ድሬዳዋም የተቆረቆረችው በሱ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ጦር ሁሉ በዚህ መንገድ አለፈ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሐረርንና ድሬን ያዘ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሥር የሚዋጉ የናይጄሪያ ወታደሮች ሐረር ገቡ። ከሦስት ቀን በኋላ ደቡብ አፍሪካውያን ድሬ ደረሱ። ከዚያ የሐረር ጦር አካዳሚ ከህንዳውያን አስተማሪዎቹ ጋር መጣ። ከዚያ የአሜሪካ ትጥቅ። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ሶቪየቶችና ኩባውያን። ጅቡቲ ላይ ፈረንሳይ ሁልጊዜም አለ። ሁሉም የሆነ ጨርቅ ጥሎ ሄዷል። በዚህ ላይ በየቦንዳው የሚገባው ልባሽ ጨርቅ አለ። ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ውስጥ የተሰቀለ የወታደር ጃኬት እዚህ የተዋጋ ሰው ልብስ ላይሆን ይችላል። ከአውሮፓ ባለፈው ወር የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህን አትርሱ።

ሥዕሉን ከማየታችሁ በፊት

ብዙ ሰው ባጅ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሥዕሉ ምንድን ነው?» ብሎ ነው። እኔ ሥዕሉን መጨረሻ ላይ እንድታዩት እመክራለሁ። ምክንያቱም አንድ ሥዕል በሁለት አገር ሁለት ትርጉም አለው። መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ጨርቅ ከሦስቱ የትኛው ነው የሚለው ነው፤ ማዕረግ፣ ክፍል ወይስ ሙያ።

ማዕረግ ሰውየው ማንን እንደሚያዝ ይናገራል። ብዙ ጊዜ ሥዕል የለውም፤ ሰረዝ ነው፣ የቪ ቅርጽ ነው፣ ኮከብ ነው። የክፍል ምልክት ሰውየው የየትኛው ክፍለ ጦር እንደሆነ ይናገራል። ቀለሙ ደማቅ፣ ቅርጹ ትልቅ ነው፤ ከሩቅ እንዲታይ ነው የተሠራው። የሙያ ምልክት ሰውየው ምን መሥራት እንደሚችል ይናገራል። ትንሽ ናት። አንድ ወይም ሁለት ቀለም ቢኖራት ነው። ብዙ ጊዜም መሣሪያው ራሱ ይሣልባታል፦ መዶሻ፣ መንኮራኩር፣ ልጓም፣ መብረቅ።

ቪ ቅርጽ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የእንግሊዝ የበታች ሹም ማዕረግ ሹል ጫፉ ወደ ታች ነው። የአሜሪካው ወደ ላይ። ነገር ግን በእንግሊዝ ኮት ግራ እጅጌ ላይ፣ ከክርን በታች፣ ጫፉ ወደ ላይ የሆነ ትንሽ ቪ ብታገኙ ማዕረግ አይደለም። ለመልካም ጠባይ የሚሰጥ ነው። በኛ አገር ጣሊያን ያሰለፋቸው አስካሪዎችም ማዕረጋቸውን፣ ሙንታዝ፣ ቡሉክባሽ፣ ሹምባሽ የሚባለውን፣ እጅጌ ላይ በቪ ያሳዩ ነበር። ስለዚህ ቪ አይቶ «የአስካሪ ነው» ወይም «የአሜሪካ ነው» ማለት ችኮላ ነው።

ከሦስቱም የማይገባ ነገርም አለ። ትከሻ ላይ በሚውለው የጨርቅ ማሰሪያ ላይ የምትሰፋ ተራ ብርቱካንማ ቀይ ቅዳጅ ጨርቅ ካገኛችሁ፣ ምንም ሥዕል ስለሌላት አትጣሏት። ደቡብ አፍሪካውያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአገራቸው ወጥተው በአፍሪካ ለመዋጋት በፈቃዳቸው መማላቸውን የሚያሳዩት በዚህች ጨርቅ ነበር። መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ድሬ የገቡት እነሱ ናቸው።

የጣሊያን ወይስ የእንግሊዝ?

እኛ አካባቢ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። በቀለም እንጀምር።

የእንግሊዝ ተራ ወታደር የሙያ ባጅ ካኪ ሱፍ ላይ ነጣ ባለ፣ ክሬም በሚመስል ክር ይጠለፋል። ክሩም ሱፍ ነው፤ አያብረቀርቅም። ለበዓል ልብስ የሚሆነው ደግሞ በወርቅ ክር ቀይ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ይሠራል። በጦርነቱ ጊዜ ቁሳቁስ ስላጠረ ጥልፍ ቀርቶ ጨርቅ ላይ የታተመም አለ። ያ የታተመው ርካሽ ስለሚመስል ሰው «ቻይና ነው» ብሎ ይንቀዋል። አትናቁት። እውነተኛ ሊሆን ይችላል።

የጣሊያን ተራ ወታደር ምልክት በጥቁር ክር ይጠለፋል። መደቡ ግራጫ አረንጓዴ ሱፍ ነው፤ ለሙቀት አገር ልብስ ካኪ ይሆናል። ጥቁሩ ክር ሬዮን ነው፤ ሐር ባይሆንም ሐር የመሰለ ለስላሳ ብልጭታ አለው። የመኮንኑ በወርቅ ክር ነው። ስለዚህ በደፈናው፦ ፈዛዛ ነጣ ያለ ሱፍ ክር በካኪ ሱፍ ላይ ካያችሁ ወደ እንግሊዝ አስቡ። የሚያብለጨልጭ ጥቁር ክር በግራጫ አረንጓዴ ላይ ካያችሁ ወደ ጣሊያን አስቡ። የእማማ ቁራጭ ጨርቅ ገና ከቆርቆሮው ስትወጣ የእንግሊዝ መሆኗን የጠረጠርኩት በዚህ ነው። መዶሻውንማ ሁለቱም አገር አለው።

አሁን ሥዕሉን ማየት ይቻላል። እንግሊዞች ፊደል ይወዳሉ። በቅጠል ጉንጉን መሃል «ኤም ጂ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ካሉ መትረየስ ተኳሽ ነው። «ኤል ጂ» ከሆነ ሉዊስ የሚባለው ቀላል መትረየስ ተኳሽ ነው፤ ይህኛው በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ዓመታት የመጣ ነው። የፈረስ ኮቴ ብረት ያለበት ኮቴ መቺ ነው። ልጓም ያለበት ኮርቻ ሠሪ። መንኮራኩር ያለበት የጋሪ አናጢ። የተመሳቀሉ ጎራዴዎች የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ። መብረቅ የጨበጠ እጅ ካያችሁ ደግሞ የእንግሊዝ አየር ኃይል የሬዲዮ ሠራተኛ ነው፤ ከ1918 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ምልክት ነው። ይሄኛው በተለመደው ልብስ ላይ ሰማያዊ ነው፤ ለሞቃት አገር በተሠራው ካኪ ላይ ግን ቀይ ነው። ቀዩን ሲያዩ ሌላ አገር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

ጣሊያኖች በአብዛኛው ይሥላሉ እንጂ አይጽፉም። መትረየስ ተኳሹ መትረየሱ ራሱ ተጠልፎለታል። ብዙ የሚገኘው ግን የሙያ ባጅ ሳይሆን የኮፍያ ምልክት ነው። እሳት የሚተፋ ቦምብ ሥር ሁለት መድፍ ከተመሳቀለ መድፈኛ፣ ሁለት መጥረቢያ ከተመሳቀለ መሐንዲስ፣ ጥሩምባና ሁለት ጠመንጃ ከሆነ በርሳሊየሪ የሚባሉት ላባ ለባሾች። እነዚህ ክፍልን እንጂ ሙያን አይናገሩም። መጥረቢያ ስላየ ብቻ «አናጢ ነበር» የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ መሐንዲስ ጦር ውስጥ የሚያበስለውም ሰው ያንኑ መጥረቢያ ኮፍያው ላይ ያደርጋል።

የተመሳቀሉ ሁለት ጠመንጃዎችን ውሰዱ። የእንግሊዝ ከሆነ «ይህ ሰው ጎበዝ ተኳሽ ነው» ማለት ነው። የጣሊያን ከሆነ «ይህ ሰው እግረኛ ጦር ነው» ከማለት አያልፍም። የተመሳቀሉ ባንዲራዎችም እንደዚያው ናቸው። ሰማያዊና ነጭ ከሆኑ የእንግሊዝ መገናኛ ነው። ቀይና ነጭ ሆነው መሃላቸው ችቦ ከቆመ የአሜሪካ መገናኛ ጦር ነው። ሥዕሉን መጨረሻ ላይ እዩ ያልኩት ለዚህ ነው።

ዘውድ ካለበት ዕድሜውን ለመገመት ይረዳል። የጣሊያን ምልክት ላይ ዘውድ ካለ ከሰኔ 1946 እ.ኤ.አ. በፊት ነው፤ በዚያን ጊዜ ሕዝቡ ንጉሡን አሰናብቶ ሪፐብሊክ መረጠ። የእንግሊዝ ዘውድ ሁለት ዓይነት ነው። አናቱ ላይ ያሉት ቅስቶች እንደ ጉልላት ክብ ብለው ከወጡ የንጉሦቹ ዘመን ነው፤ ከ1901 እስከ 1952 እ.ኤ.አ.፣ ወይም ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የንጉሥ ቻርልስ። መሃሉ ላይ ሰርጎድ ካለ የንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን ነው። በ1933 ዓ.ም. ሐረር የገባ ወታደር ሰርጓዳ ዘውድ ሊኖረው አይችልም። ሻጩ «ከጦርነቱ የተረፈ ነው» ብሎ ሰርጓዳውን ካሳያችሁ ዋጋውን አትስሙ።

አንበሳው ስንት ነው?

ሐረር ላይ አንበሳ ያለበት ጨርቅ ሁሉ «የጃንሆይ ጊዜ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። የኛው የይሁዳ አንበሳ አንድ ነው። ዘውድ ደፍቷል፤ እግሩ በትር ይዟል፤ እየሄደ ነው። ጀርባና ጀርባቸውን ሰጥተው የተቀመጡ አንበሶች፣ ፊት ለፊት ሦስት የሚታዩ፣ ከሆኑ ግን የህንድ ናቸው። ህንድ በ1950 እ.ኤ.አ. ሪፐብሊክ ስትሆን የእንግሊዝን ዘውድ ከምልክቶቿ አንስታ የአሾካን አንበሶች ተካች። የቀረውን ሥርዓት ከእንግሊዝ ወርሳለች፤ ካኪው ያው፣ ጉንጉኑ ያው ነው። የሐረር አካዳሚ አስተማሪዎች ህንዳውያን መኮንኖች ነበሩና የነሱ ዕቃ ጁገል ውስጥ ቢገኝ አይግረማችሁ። የሦስቱ አንበሶች ባጅ እጃችሁ ከገባ እንደ ሐረር ታሪክ ያዙት እንጂ እንደ ባዕድ አትወርውሩት።

የኛው አንበሳ ዘውድ ካለው ከ1967 ዓ.ም. በፊት ነው ማለት ይቻላል። ዘውድ በደርግ ጊዜ ከምልክቶች ላይ ተነስቷልና። አንዳንድ ጨርቅ ላይ ዘውዱ በመቀስ ጫፍ ተፍቆ ወይም በክር ተሸፍኖ ይገኛል። ያንን «የተበላሸ» ብላችሁ አትለፉት። ለኔ ከደህናው ይበልጣል። የሆነ ሰው ልብሱን መጣል ሳይፈልግ ዘመን ሲቀየር ያደረገው ነው።

መልሕቋ ያሳሳተችኝ

ከባቡር ሠፈር አንድ ወዳጄ የሰጠኝ ባጅ አለኝ። አልማዝ ቅርጽ ነው፤ መሃሉ ላይ መልሕቅ ተጠልፏል። መልሕቅ ካየሁ ባሕር ኃይል ነው ብዬ ፖስታው ላይ «ባሕር ኃይል፣ ምጽዋ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ተቀመጠ። ለሰውም እንደዚያ ብዬ አሳይቻለሁ።

ስህተት ነበር። መልሕቅ የፈረንሳይ የቅኝ ግዛት እግረኛ ጦር ምልክት ነው። መርከብ ላይ የማይሠሩ፣ በእግራቸው የሚሄዱ ወታደሮች ናቸው። አልማዝ ቅርጽ ያለውን ጨርቅ ግራ ክንዳቸው ላይ የሚሰፉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ጅቡቲ በባቡር የአንድ ቀን መንገድ ስለሆነች ወዳጄ ቤት መገኘቷ አይገርምም። ሥዕሉን ብቻ ባላይ፣ ቅርጹን ባይ ኖሮ ያኔውኑ እደርስበት ነበር። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ባጅ አልማዝ አይደለም፤ ደግሞም እነሱ ማዕረግን በግራ ክንድ፣ ሙያን በቀኝ ክንድ ነው የሚያደርጉት። ለክረምት ልብሳቸው ቀይ ክር በጥቁር ሰማያዊ፣ ለሙቀት አገር ነጭ ልብሳቸው ሰማያዊ ክር በነጭ። ከኤደን በኩል የሚመጣ ነጭ ጨርቅ ላይ ሰማያዊ ጥልፍ ካያችሁ ይህን አስታውሱ።

ግማሽ ጨረቃ ያለበትም የፈረንሳይ አልማዝ አለ። እሱም የሃይማኖት ምልክት ወይም የቱርክ ዕቃ እየተባለ ይሸጣል። ከሰሜን አፍሪካ የተመለመሉ የፈረንሳይ ወታደሮች ምልክት ነው።

አሜሪካና ሶቪየት

እነዚህን ለመለየት ብዙ አይደክማችሁም። ክብ ቀይ ጨርቅ ላይ የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ጥቁር ቅርጽ ካለ የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ነው። የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ የተዋጋው በሱ ሥር ነው። የክፍል ምልክት ነው፤ ሙያ አይደለም። ግን አያት ኮሪያ ዘምተው ከሆነ ከየትኛውም የሙያ ባጅ በላይ ዋጋ አለው።

የአሜሪካ ቪ ሥር «ቲ» የምትመስል ፊደል ካለች ቴክኒሻን ነው፤ ከ1942 እስከ 1948 እ.ኤ.አ. ብቻ የነበረ ነው። ማዕረግና ሙያ አንድ ላይ ነው፤ ከላይ ያልኩትን ሦስት ክፍፍል ከሚያፈርሱት ጥቂቶች አንዱ። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ የአሜሪካ ባጅ ዳሩ ወፍራም ኦቨርሎክ ነው፤ እንደ ገመድ ጎርበጥ ይላል። ከዚያ በፊት የነበረው ዳሩ ዝም ብሎ የተቆረጠ ነው። በጥቁርና በአረንጓዴ የደበዘዘው ዓይነት የቬትናም ጦርነት ጊዜ የመጣ ነው።

የሶቪየቱ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጋሻ ቅርጽ ነው፤ ዳሩ ቢጫ። ብዙ ጊዜ ጥልፍ ሳይሆን ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ መሰል ነገር ነው። መደቡ ቀይ ከሆነ ሞተራይዝድ እግረኛ፣ ጥቁር ከሆነ ታንክ ወይም መድፍ፣ ሰማያዊ ከሆነ አየር ኃይል ወይም አየር ወለድ። ይሄ ነው።

መኪና ግርግር የተማርኩት

ሐረር ውስጥ ልብስ ሰፊዎች የተደረደሩበት መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። የእማማን ባጅ ይዤ እዚያ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ መኪና ላይ ያሳለፉ አንድ አባት ነበሩ። መዶሻውን ከመጤፍ አልቆጠሩትም።

«ገልብጠው» አሉኝ።

ገለበጥኩት። መነጽራቸውን አደረጉ። ከዚያ ጥፍራቸውን እያስኬዱ አሳዩኝ። ጀርባው ላይ ክሩ ከመዶሻው እጀታ ተነስቶ ወደ ጉጠቱ ተዘሏል፤ ሠራተኛው ክሩን ሳይቆርጥ ነው ያለፈው። ስፌቱ አንዳንዱ ረዘም፣ አንዳንዱ አጠር ይላል። «ይሄ ሰው እጁ አለበት» አሉ። መኪናውን ሰው እየመራው ነው ማለታቸው ነው። ከጀርባ የቀረው ቡናማ ወረቀት እንኳ በስታርች የተለጠፈ ነበር።

ከዚያ ጎረቤት ሱቅ ካለ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ላይ አዲስ ጥልፍ አሳዩኝ። በኮምፒውተር የተሠራ ነው። ጀርባው በቀጭን ነጭ ክር እኩል ተሸፍኗል። ስፌቱ ሁሉ አንድ ልክ ነው። ሥሩ ወረቀት የመሰለ ነጭ ማጠንከሪያ አለው። ሁለቱን ጎን ለጎን ካያችሁ በኋላ ዳግም አትሳሳቱም። ስለዚህ ምክሬ፦ ባጅ ልትገዙ ስትሄዱ አንድ አዲስ የኮምፒውተር ጥልፍ ኪሳችሁ ያዙ። ለማወዳደሪያ።

የወርቅ ክሩን ደግሞ እንዲህ ለዩት። እውነተኛው ከብረት የተሠራ ነው፤ ልክ እንደ ድሮ ወርቀ ዘቦ ካባ። ሲያረጅ ይጠቁራል፣ ወይም አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። የዛሬው የሚያብለጨልጭ ክር፣ በሐበሻ ቀሚስ ላይ ሳባ የምንለው ዓይነት፣ ፕላስቲክ አለበትና አይጠቁርም። «የ80 ዓመት ዕቃ ነው» የተባለ የወርቅ ጥልፍ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ካበራ ተጠራጠሩ።

ድሮ ወይስ አርቴፊሻል ድሮ?

በኛ አካባቢ አዲሱን የድሮ ማስመሰያው ቡና ነው። አዲስ ጥልፍ ቡና ውስጥ ነክሮ ፀሐይ ላይ ማስጣት ማንም ይችላል። የሚታወቀው እንዲህ ነው። በቡና የተነከረ ጨርቅ ፊቱም ጀርባውም እኩል ቡናማ ነው። ክሩም መደቡም አንድ ቀለም ይጠጣሉ። በእውነት ያረጀ ባጅ ግን ፊቱ ፀሐይ በልቶት የደበዘዘ፣ ጀርባው ኮቱ ጋር ተጣብቆ ስለኖረ ደመቅ ያለ ነው። በዳሩ በኩል የታጠፈውን ብትገልጡ ደግሞ የመጀመሪያውን ቀለም ታገኛላችሁ። ማሽተትም ይረዳል። ቡናው ለረጅም ጊዜ አይለቅም።

ብልም ምስክር ነው። ብል ሱፍ ይበላል፤ ጥጥና ፖሊስተር ብዙም አይነካም። ሱፍ ነው በተባለ የድሮ ጨርቅ ላይ አንድ ሁለት ቀዳዳ ቢኖር አልከፋም። ዳሩ ያልተስተካከለ፣ እዚህ እዚያ የተበተነ ቀዳዳ ከሆነ ብል ነው። በምስማር የተበሳ ከሆነ ይታወቃል፤ ክሮቹ ተገፍተው እንጂ ተበልተው አይታዩም።

አንዳንዶች የሐሰት ብር የሚለዩበትን ሰማያዊ መብራት ይጠቀማሉ። ድሬ ላይ ብዙ ሱቅ አለው፤ ለደቂቃ ቢለምኑት የሚከለክል የለም። አሠራሩ እንዲህ ነው። ክርን የሚያነጡ ኬሚካሎች በብዛት የተሠራጩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እነሱ ያሉበት ክር በዚያ መብራት ሥር ነጭ ሰማያዊ ሆኖ ይበራል። ስለዚህ የ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው የተባለ ክር ቦግ ካለ ጥያቄ ነው። ግን በዚህ ብቻ አትፍረዱ። ኦሞ ውስጥም ያው ኬሚካል አለ። አንዲት እናት የባለቤታቸውን ኮት በ1980ዎቹ ዓ.ም. አንድ ቀን በኦሞ አጥበውት ከሆነ እውነተኛው ባጅ ይበራል። የሚበራው ጥልፉ ብቻ ከሆነና መደቡ ጨለማ ከቀረ ክሩ አዲስ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ነገር እኩል ከበራ ታጥቦ ሊሆን ይችላል።

የክር ማቃጠል ፈተናም አለ። ከጀርባ የተንጠለጠለች ክር ካለች ብቻ። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ጥጥና ሬዮን የተቃጠለ ወረቀት። ቀልጦ እንደ ዶቃ ከደረቀ ፖሊስተር ወይም ናይለን ነው፤ ፖሊስተር ገበያ የገባው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። የተንጠለጠለ ክር ከሌለ ግን ተዉት። ለማወቅ ብሎ ጥልፍ መቁረጥ አያስፈልግም።

ተነጥሎ ይሻላል ወይስ ከነኮቱ?

ምርጫው እጃችሁ ላይ ከሆነ ሁልጊዜ ከነኮቱ ግዙ። ገንዘብ ካልበቃችሁ የኮቱን ፎቶ አንሱ፤ ቀኝ ክንድ፣ ግራ ክንድ፣ ከክርን በላይ፣ ከክርን በታች። የእንግሊዝ ጦር የተኳሽነት ምልክቱን በግራ እጅጌ ከክርን በታች ነው የሚሰፋው፤ የበታች ሹም የሙያ ምልክት ግን ከቪው በላይ ይሆናል። አንድ ጨርቅ ሁለት ቦታ ሁለት ነገር ሊል ይችላል። ከኮቱ ከተነጠለ ያ ቋንቋ ይጠፋል።

ስለዚህ አያት ቤት፣ ሳንዱቅ ውስጥ፣ ባጅ ያለበት ኮት ካገኛችሁ እባካችሁ ምላጭ አታስገቡ። «ባጁን ወስጄ ኮቱን ለሰው እሰጣለሁ» የሚል ሰው ሳይ ሆዴ ይባባል። አትጠቡት። አትተኩሱት። ሙጫ ወይም ፕላስቲክ ሽፋን አትለጥፉበት። ናፍታሊን ከሱ ጋር ሳይሆን ከአጠገቡ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ፀሐይ በማይገባበት ቦታ፤ የድሬ ፀሐይ በአንድ በጋ የ80 ዓመት ቀለም ይጨርሳል። ቤት ማስቀመጥ ካልቻላችሁ ሐረር የሸሪፍ ሙዚየም አለ፤ ሄዳችሁ ጠይቁ።

አሁን በሥራ ላይ ያለ የመከላከያ ወይም የፖሊስ ልብስና ምልክት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ገበያ ላይ ብታዩትም አትግዙ።

የእማማን ባጅ በቀጭን ነጭ ወረቀት ጠቅልዬ ፖስታ ውስጥ አስገባኋት። ፖስታው ላይ በእርሳስ የጻፍኩት ይሄን ነው፦ «የእንግሊዝ ጦር። ሙያ፦ መሣሪያ ጠጋኝ ወይም ብረት ሠሪ። ካኪ ሱፍ፣ ነጣ ያለ ሱፍ ክር፣ በእጅ የተመራ መኪና። ድሬዳዋ፣ ቀፊራ፣ ከልብስ ቁልፎች ጋር የተገኘ። ዳሩ ላይ ሁለት ረድፍ የመርፌ ቀዳዳ አለ፤ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል።» ቁልፎቹንም ገዝቼ ከሷ ጋር አስቀመጥኳቸው። አሥራ አንድ ናቸው፤ አራቱ ላይ ዘውድ አለ፤ ጉልላት ዓይነቱ።